የነጩ ገደል ጨው

ንፋስ መውጫ ከተማ ያለው ቤቴ የገባ እንግዳ ሁሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አይቶ ሳይጠይቅ አይወጣም። ሐኪም ቤት የተመላለሰ ሰው «የማን የልብ ምርመራ ነው?» ይለኛል። ሌላው «የጉና ተራራ ንድፍ ይመስላል» ይላል። እኔም እንደ ቀኔ ነው የምመልሰው። ደስ ካለኝ «አክስቴ ናት» እላለሁ፤ ከከፋኝ «ጨው ነው» ብዬ ወሬውን እዘጋዋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

አክስቴ ዓለምዬ የስማዳ ሴት ነበረች። ከወገዳ ከፍ ብሎ ባለው መንደራችን ተወልዳ አድጋ፣ እስቴ ተዳረች፤ ልጅ አልወለደችም ተብላም ከእስቴ ተመለሰች። የተመለሰችው ወደ ወንድሟ፣ ወደ አባቴ ወደ መንግስቴ ቤት ነው። አባቴ አላስቀየማትም። እናቴ ሙሉነሽም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን ቤት ይጠባል፣ ቤት ሲጠብ ደግሞ ሆድም አብሮ ይጠባል። ዓለምዬ ጓሮ ባለችው ደሳሳ ጎጆ ታድራለች፣ ስትፈጭና ስትቀዳ ትውላለች፤ መሶብ ሲቀርብ ግን መጀመሪያ የሰው ፊት ታያለች። የጎጆዋ በር መዝጊያ አልነበረውም። መንደሩም በስሟ አይጠራትም። «የመንግስቴ እኅት» ነበረች፤ እሷ ስትሰማ ነው እንግዲህ፤ ሳትሰማ የሚሏትን አልናገርም።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ገና ጡት አልጣልኩም። የማወራው ከእሷ አፍ የሰማሁትን ነው። እሷ ደግሞ ስታወራ አትቸኩልም፤ አንዱን ወሬ ክረምት ሲገባ ጀምራ መስቀል ሲደርስ ልትጨርሰው ትችላለች። አሁን ሳስበው ያንን ዝግታዋን ነው አብልጬ የምናፍቀው።

በ1972 ዓ.ም. በልግ ላይ ድንጋይ የሚያጠኑ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ከወገዳ በታች ድንኳን ተከሉ። አለቃቸው ቀለመ ወርቅ የሚባል ቀጭን፣ መነጽራም ሰው ነበር። ቦት ጫማ ያደረገ የተማረ ሰው ሁሉ ለእኛ ሰው ኢንጅነር ነውና «ኢንጅነር» ተባለ። ስኒና ሳህን ለሚሠራ ፋብሪካ የሚሆን ነጭ አፈር ነበር የሚፈልጉት። ወጥ የምትሠራላቸው ሴት ሲጠይቁ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጓዴ ብዙ አላሰበም። ጊዜው ሁሉም ሰው «ጓድ» የሚባባልበት ነበርና ይህ ሰው በየስብሰባው «ጓድ ጓዴ» ይባል ነበር፤ ሰው ከንፈሩን ነክሶ ነው ሳቁን የሚይዘው። «የመንግስቴ እኅት ትሂድ» አለ ጓድ ጓዴ። «ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ማን ይፈልጋታል?»

የሄደች ዕለት ጠዋት ቀለመ ወርቅ ስሟን ጠየቃት። ነገረችው። «እንደምን አደሩ፣ እትዬ ዓለምዬ?» አላት። ዞር ብላ ኋላዋን አየች። አንቱ የምትባል ባልቴት ከኋላዋ የቆመች መስሏት ነው። ማንም አልነበረም።

ድንኳን ሰጧት፤ ለብቻዋ። ድንኳኑ ዚፕ ያለው በር ነበረው፤ ከውስጥ ይዘጋል። ይህን ስትነግረኝ እጇን ከታች ወደ ላይ ስባ ድምፁን በአፏ ታሰማኝ ነበር፤ «ዝዝዝዝጥ!» በሯን ከውስጥ ዘግታ ስታድር በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሥራዋ ወጥ መሥራት ነው። ግን ከምድጃዋ ፊት ለፊት የቀን ሠራተኞች ድንጋይ ሲወቅጡ ታያለች፤ ወንድ ደግሞ መውቀጥ ምን ያውቃል? ደብድበው ደብድበው ቅንጬ አድርገው ያስረክባሉ። ቀለመ ወርቅ በጣቱ አሽቶ «ገና ነው፤ ይድቀቅ» እያለ ይመልስባቸዋል። አንድ ቀን አላስችል አላት። ማማሰያዋን አስቀምጣ ሄዳ ከእጃቸው ተቀበለች።

«ወዲያ በሉ! ይኸ ክክ ነው እንጂ ዱቄት ነው?»

አንድ ማንኪያ ብቻ የምትይዝ፣ ከጠንካራ ድንጋይ የተፈለፈለች ትንሽ ሙቀጫ ነበረቻቸው። በእሷ ላይ አደቀቀችው፤ ለሕፃን ዓይን የማይጎረብጥ ዱቄት አደረገችው። ቀለመ ወርቅ በጣቶቹ መሃል አሽቶት ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወጡ ተጨማሪ ሥራ ሆነ።

«አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ እትዬ ዓለምዬ» አላት። «የአንዱ ከረጢት አፈር ከሌላው እንዳይነካካ።»

«ኢንጅነር፣ እኔ የጎረቤት ዱቄት ከቤቴ ዱቄት ቀላቅዬ አላውቅም» አለችው፤ ትንሽ ከፍቷት።

ዱቄቱ ወዴት እንደሚሄድ ስትጠይቀው፣ አዲስ አበባ ራጅ ሊነሣ ነው አላት። ራጅ ታውቃለች፤ እጁ የተሰበረ የጎረቤት ልጅ ደብረ ታቦር ተወስዶ ተነሥቷል። «ድንጋይ ደሞ ምኑን አሞት?» ብላ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀባትም፤ ተቀምጦ አስረዳት። እያንዳንዱ ማዕድን ውስጡ በመስመር በመስመር የተደረደረ ነው፤ የአንዱ መስመር ጠበቅ፣ የሌላው ሰፋ ይላል። ራጁ መስመሮቹን ነክቶ ሲመለስ ማሽኑ ወረቀት ላይ ሾጣጣ ሾጣጣ ጫፎች ይሥላል። የታወቁት ማዕድናት ጫፎች በየካርዱ ተጽፈው ተቀምጠዋልና ያልታወቀውን ከእነሱ ጋር እያስተያዩ ማንነቱን ይደርሱበታል።

«እንደ ገበሬ ነዋ!» አለችው። «ትልሙን አይቶ ይኸ የእገሌ እጅ ነው እንደሚባለው።»

«ልክ እንደሱ» አላት።

ያን የበልግ ወር ስታወራኝ ፊቷ ይለወጥ ነበር። የላምባ ምድጃው ሽታ፣ ዝናብ የመታው የድንኳን ሸራ ሽታ፣ ሾፌሩ ዳኘው መኪናዋን ሲያጥብ የሚያፏጨው ዜማ፤ ሁሉንም ትቆጥርልኛለች። ማዕዱ ሲቀርብ «እትዬ ዓለምዬ ካልተቀመጡ አንበላም» ይሏታል። መጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ለመደች። ፈጥናም ለመደች። «ደግ ነገር አይለመድም ያለው ማነው?» ትለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጨው ልምጣ። የዛሬ ልጅ ጨው ሲባል ይንቃል፤ ከሱቅ በላስቲክ ተገዝቶ ሲደፋ እያየ አድጓልና አልፈርድበትም። ያኔ ግን መንገዱ በጦርነት እየተዘጋ ጨው ከጠፋ ሰንብቷል። ሴቶች በቁንጥር ይበዳደሩ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ወጡ አልጫ ሆኖ የሚያፍረው ባለቤቱ ነው። ዓለምዬ ከአርብ ገበያ በዘመድ እጅ ያስመጣቻት አንዲት ድቃቂ ጨው ነበረቻት፤ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ከወገቧ አትለያትም።

ዳኘው ናሙናውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው ሥራ ተደራረበ። ቀለመ ወርቅ በበቅሎ ወደ በሽሎ ወንዝ ወርዷል። ያልደቀቀው ከነጩ ገደል የመጣው አፈር ነው፤ ነጩ ገደል ከመንደራችን ሥር ያለው ተዳፋት ነው። ሙቀጫዋን ደግሞ ቀድሞ የተደቆሰ ቀይ አፈር ቀልሟታል። ሁልጊዜ በስፒሪት ነበር የምትጸዳው፤ ስፒሪቱ አልቋል። ዳኘው ለሠራተኞቹ ቁስል አድዬዋለሁ ይላል፤ ሠራተኞቹ የቆሰለው የዳኘው ጉሮሮ ነው ይላሉ። ውኃ እንዳይነካት ኢንጅነሩ አስጠንቅቋል።

እናቷ ያስተማረቻት ነገር ትዝ አላት። በእነሱ ቤት በርበሬ የተደቆሰበት ሙቀጫ በጨው ሳይታሽ ሌላ ነገር አይገባበትም። ጨው ደቁሰሽ፣ አሽተሽ፣ በጨርቅ ጠርገሽ ታወጪዋለሽ፤ ሙቀጫው ቀለሙንም ጠረኑንም ይለቃል። መቀነቷን ፈታች። አንዱ ካንዱ እንዳይነካካ አደራ ተብላለችና በየከረጢቱ መሃል፣ ከዚያች ከብርቅ ጨዋ እየቆነጠረች ሙቀጫዋን አሸች። ጠዋቱ ጉም ነበር፤ ጨው ደግሞ በጉም ያልበዋል፣ ይጣበቃል። ሥራዋን ስትጨርስ የቋጠሮዋ እኩሌታ አልቋል። ቅር አላላትም። አደራ ነዋ።

ዳኘው የተመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። ቀለመ ወርቅ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲያያቸው ቆየና ድንገት ከመቀመጫው ተነሣ። በነጩ ገደል ወረቀቶች ላይ፣ ሌላ ቦታ የሌለ አንድ ጫፍ ከሁሉ በላይ ተገትሮ ቆሟል። ከካርዱ ጋር አስተያየው። ጨው ነው። እርግጥ ጠንቃቃ ሰው ነበር። «ተቆፍሮ ካልታየ ምንም ማለት አይቻልም» ብሏል። ግን ድንኳን ጆሮ አለው። ምሳ ሳይደርስ ጓዴ ሰማ፤ ጓዴ ከሰማ ደግሞ አገር ሰማ።

ከዚያ የሆነውን ስታወራ እሷም ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ነጩ ገደል ወረደ። እየቆረሰ ይልስ ጀመር። ጓዴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመና «ይጣፍጣል» ብሎ ፈረደ። ሊቀመንበሩ ይጣፍጣል ካለ ማን አይጣፍጥም ይላል? እማሆይ አመተ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሲት ሳይቀሩ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። ሽሮ ላይ ነስንሰው የበሉ ነበሩ። «እንዴት ያለ ጨው!» እያሉ ጥርሳቸው አፈር ያንቀጫቅጫል።

ዓለምዬ ከሁሉ በላይ ተደሰተች። ጨው ከተገኘ ቁፋሮ አለ፤ ቁፋሮ ካለ ድንኳኑ ይቆያል፣ ምናልባት ዓመት፣ ምናልባት ዕድሜ ልክ። ዚፕ ያለው በሯም ይቆያል። «እትዬ ዓለምዬ፣ ይቀመጡ» የሚላትም ይቆያል። ለሚካኤል ተሳለች። ሰው ሲበተን ጠብቃ እሷም ገደሉን ቀመሰችው። ምላሷ ላይ ተጣበቀ። አፈር ነው። «ሰው ሁሉ የቀመሰው ለእኔ ብቻ እንዴት አይጥምም?» ብላ በራሷ ፈረደች።

በማግስቱ አዲስ ከረጢት መጣ። የቀደመውን ጠረገች፤ ሙቀጫው ጠረኑን እንዲለቅ እጇ እንደልማዱ ወደ መቀነቷ ሄደ። ቋጠሮዋን ነካችና ቆመች።

«ቋጠሮዬን ፈትቼ አየኋት» ትለኛለች። «እኩሌታዋ የለችም። ጨው የበላው ገደሉ አይደለም፤ ሙቀጫዬ ናት።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ለእሷ የመከራ ናቸው። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ጨው ያስገባችው እሷ፣ ያየችው እሷ። ብትናገር ደግሞ ድንኳኑ ይነቀላል፤ እሷ በር ወደሌላት ጎጆዋ፣ ወደ ወንድሟ መሶብ ጠርዝ ትመለሳለች። አብስላ ታቀርባለች፣ አትበላም። ቀለመ ወርቅ «ታመሙ እንዴ?» ይላታል፤ «ሆዴን ነው» ትለዋለች። ሆዷ ነበር በእውነትም።

በዚህ መሃል ጓዴ የአውራጃ ሰዎች ገደሉን ሊጎበኙ ነው ብሎ መንደሩን አነቃነቀው። ወጣቶች ቅጠል ቆርጠው መግቢያውን አስጌጡ፤ ሴቶች ዘፈን ያጠኑ ጀመር። እማሆይ አመተ ሥላሴ ደግሞ የቀረቻቸውን ጨው ለጎረቤት ሰጥተው ጨረሱ፤ ገደል ሙሉ ጨው እያለ ምን ያስቋጥራል ብለው። ዓለምዬ ይህን ስትሰማ ሙቀጫዋን ታቅፋ ቀለመ ወርቅ ድንኳን ገባች። ሙቀጫዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ መቀነቷን ፈትታ የቀረችውን ቋጠሮ ውስጧ አስቀመጠች።

«ኢንጅነር፣ ጨውዎ ይቺ ናት» አለችው።

አልገባውም። ቆንጥራ ደቆሰች፣ አሸች፣ በጨርቅ ጠረገችና ሙቀጫዋን ወደ እሱ ገፋችለት። ጣቱን አስነክቶ ቀመሰ። ወረቀቶቹን አውጥቶ አንድ በአንድ አስተያየ፤ ጨው ያለባቸው ስፒሪት ባለቀበት ቀን የደቀቁት ብቻ ናቸው። እሷ አንገቷን ደፍታ ስድቡን ትጠብቃለች። መጀመሪያ የሰማችው ሳቁን ነው። መነጽሩን አውልቆ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«እንዲህ ጨው በጠፋበት ጊዜ፣ ለእኔ አፈር ብለው የራስዎን ጨው?»

«አደራ ብለውኝ የለ።»

«ዝም ቢሉስ ማን ያውቅብዎ ነበር?»

«እማሆይ ጨዋቸውን ሰጥተው ጨርሰው፣ ሰው ደስ ብሎት ገደል ሲልስ እያየሁ እንዴት ዝም እላለሁ?» አለችውና ያን ጊዜ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለገደሉ አይደለም፤ ለዚፑ ነው።

ቀለመ ወርቅ ለጓዴ «ስሕተቱ የኛ ነው» ብሎ ሊሸፍንላት ሞክሮ ነበር። እሷ ግን ራሷ ተናገረች። ንጹሕ ዱቄት ተላከ፤ አዲሱ ወረቀት ሲመጣ ያ ረጅም ጫፍ የለም። የቀረውም አፈር ለስኒ የማይሆን ተራ አፈር ሆኖ ተገኘ። ድንኳኑ ተነቀለ።

ሊሄዱ ሲሉ ቀለመ ወርቅ ከጨዋማዎቹ ወረቀቶች አንዱን አመጣ። በየጫፉ አናት ላይ የማዕድኑ ስም በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል፤ የረጅሙ ጫፍ አናት ግን ባዶ ነው።

«እያንዳንዱ ጫፍ የባለቤቱ ስም ይጻፍበታል» አላት። «ይኸኛው ከስማዳ ምድር አልመጣም፤ ከእርስዎ ነው የመጣው። ‹እትዬ›ን ልተወው? ቦታው ጠባብ ነው።»

«ይተውት» አለችው። በእኛ ፊደል ጻፈው፤ ዓለምዬ። ፊደል አታውቅም ነበር፤ ግን የትኛው ስሟ እንደሆነ አሳያት።

መኪናዋ ወደ እስቴ መንገድ እስክትሰወር ቆማ አየች። ከዚያ ጠቅልላ ወንድሟ ጓሮ ገባች። መንደሩ ተቀየማት። ተስፋ ያስጨበጠህን ትረሳለህ፣ ተስፋ የነጠቀህን ግን በየዕለቱ ታየዋለህ፤ ሰው እንዲህ ነው። «ብትለጉሚው ምን ነበረበት?» አለቻት እናቴ እንኳ። እማሆይ አመተ ሥላሴ ሰላምታ ነሷት። ጓዴ ሲያያት መንገድ ይቀይራል፤ «ይጣፍጣል» ያለበት አፉ ገና አልደረቀም። እሷ ወረቀቷን በእበት የተመረገው የጎጆዋ ግድግዳ ላይ ለጠፈች፤ ዱቄት ስትነፋ እሱን እያየች፣ ሰፌዱ ላይ በሌባ ጣቷ ትጭራለች። አባቴ «እብደት ጀመራት እንዴ?» እያለ ይሰጋ ነበር።

ክረምቱ ሳያልቅ መንግሥት ለገበሬ ማኅበሩ ሱቅ ጨው ላከ፤ በራሽን ሊታደል። አሁን ማን ያድለው? ስብሰባ ተጠራ። አንዱ ሲጠቆም ሌላው «ለዘመዱ ያደላል» ይላል፤ ሌላው ሲጠቆም «ቆንጥሮ ያስቀራል» ይባላል። ለያንዳንዱ ስም ነቀፋ ተገኘ። ዝናቡ ሊመጣ ሲያጉረመርም እማሆይ አመተ ሥላሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ በገዛ ነጠላዬ አፈር ቋጥሬ የገባሁ ሴት ነኝ» አሉ። «ጨዌን ሰጥቼ ስለጨረስኩም ይችን ልጅ ተቀይሜያት ከረምኩ። ግን እስቲ ንገሩኝ፤ ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል እንጀራዋን የሚያስቀርባት ሆኖ ሳለ እውነት የተናገረች ማን አለች? ጨው እሷ ትስጠን።»

ሰው ዞሮ ከኋላ የተቀመጠችውን አየ። ማንም ነቀፋ አላመጣም። ለሥራው ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል ትሰጣለች፤ ክፍሏ የቆርቆሮ በር አላት፣ በሩም ከውስጥ መሸንጎሪያ አለው። ዓለምዬ መጀመሪያ የጠየቀችው እሱን ነበር።

ጓዴ ጨውን የመረከቢያውን ወረቀት ዘረጋ። መሠረተ ትምህርት ገና ወደ መንደራችን አልደረሰም ነበርና ቀለሙን ከፍቶ «አውራ ጣትሽን አምጪ፣ የመንግስቴ እኅት» አላት።

«ብዕሩን» አለችው።

ሳቅ ሳቅ አለው፤ ግን ሰጣት። ጎንበስ አለች። መጀመሪያ ከታች አግድም መስመር አሰመረች። ከመሃሉ ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ወጣች፣ መልሳም ወረደች። ከሾጣጣው ጫፍ በላይ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ ሰፌድ ላይ ስትጭራቸው የከረመቻቸውን ፊደሎች አስቀመጠቻቸው። ጓዴ ወረቀቱን አቅርቦ አነበበ፤ ድምፁን ቀንሶ እንደገና አነበበ።

«ዓለምዬ ይላል» አለ። «ይችስ ከሥር የተገተረችው ምንድን ናት፣ እትዬ ዓለምዬ?»

«እሷ ከሌለች ስሜ አይደለም» አለችው።